በሂሳብና በስታቲስቲክስ ማስተርስ መማር ዕብደት ነውን?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ እንደ ልማዳችን ከመኝታ ቤታችን ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስንጫወት አንድ ወዳጃችን ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። አንደኛው ከአንድ ባንክ የተላከለት የሥራ ጥሪ ነው። ሁለተኛው የማስተርስ ትምህርት ማመልከቻ ሲሆን «ሂሳብና ስታቲስቲክስ» የሚለውን በእጁ ሞልቶበታል። ወዳጃችን የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ ነው፤ በዚህ ዓመት ይመረቃል። እኛ ደግሞ የአርትስ ተማሪዎች በመሆናችን ምክር ለመስጠት ሰንፈን አናውቅም። ነገሩን ሰምተን ሳንጨርስ አንዱ «ባንክ!» አለ፤ ሌላው «ይህ ደግሞ ምክር ያሻዋል?» አለ፤ ሦስተኛውና ቀልደኛው፣ «አንተ ሰው፣ አራት ዓመት ሙሉ ኤክስን ስትፈልግ ኖረህ አላገኘኸውም፤ ሁለት ዓመት ብትጨምር የሚገኝ ይመስልሃል?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ወዳጃችንም አብሮን ሳቀ። ከዚያም ወረቀቶቹን አጣጥፎ ከኪሱ ከተተና ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ሳቃችን የማይገባ መሆኑ የታወቀን እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። ይህንም ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው ስለዚያ ሳቅ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን እንነጋገር። ከእኛ ከአርትስ ተማሪዎች ብዙዎቻችን ወደዚህ ፋኩልቲ የመጣነው ታሪክንና ቋንቋን ወደን ብቻ አይደለም፤ ሂሳብን ሸሽተንም ነው። የሸሸ ሰው ደግሞ ሽሽቱን ጥበብ ለማስመሰል በሸሸው ነገር ላይ መሳቅ ይወዳል። «ሂሳብ የተማረ ከመምህርነት በቀር ምን ይሠራል?» እንላለን፤ መምህር መሆን ነውር የሆነ ይመስል። እኛ ግን ነገ በጋዜጣ፣ በመሥሪያ ቤትና በሸንጎ ስለ አገር የምንከራከረው በቁጥር ነው። ቁጥሩን የት ድረስ ማመን እንደሚገባ የሚነግረን ሰው ከሌለ ክርክራችን የጉሮሮ ውድድር ይሆናል። አገራችን ቁጥር የሚጠራ ሰው አጥታ አታውቅም። የሚጎድላት ቁጥሩን የሚመረምር ነው፤ ይህም ሰው በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ አይገኝም። የምንለው ይህንኑ ነው።

ይህን እንድንል ያበቃንን ነገር እናጫውታችሁ። ባለፈው ዓመት ለአንድ ኮርስ ስለ እናቶች ጤና ጽሑፍ ስናዘጋጅ የኢትዮጵያ የሕዝብና የጤና ጥናት የሚባሉትን ሪፖርቶች ገለጥን። ከእርግዝናና ከወሊድ ጋራ በተያያዘ የሚሞቱ እናቶች ከ100,000 ሕያው ልደት በ1997 ዓ.ም. ጥናት 673፣ በ2003 ዓ.ም. 676፣ በ2008 ዓ.ም. 412 ተብለው ተገምተዋል። እኛም ወዲያው «የእናቶች ሞት በመጀመሪያ በ3 ጨመረ፤ ቀጥሎ ግን በ264 ቀነሰ» ብለን ጻፍን። ቆንጆ ዓረፍተ ነገር መሰለን። ለጭማሪው ምክንያት፣ ለቅናሹም ሌላ ምክንያት ፈልገን ሁለት ገጽ ሞላንበት።

ያ ወዳጃችን አነበበውና «ይህን 3 ከየት አመጣችሁት?» አለን።

«ከሪፖርቱ ነዋ! 676 ሲቀነስ 673።»

«ሪፖርቱ እንዴት እንደ ተሠራ አንብባችኋል?»

አላነበብንም ነበር። በዚያ ማታ ነው የገባን። በአገራችን የእያንዳንዱ ሞት ምክንያት በመዝገብ ስለማይሰፍር ጥናቱ የሚካሄደው ሴቶችን ስለ እናታቸው ልጆች በመጠየቅ ነው፤ ስንት እኅት ነበረሽ፣ ስንቷ በሕይወት አለች፣ የሞተችው ነፍሰ ጡር ሳለች ነው ወይስ ስትወልድ? በ2008 ዓ.ም. ጥናት እንዲህ የተጠየቁት ሴቶች 15,683 ናቸው። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሞት ለአገር ብዙ ቢሆንም በአንድ ጥናት ውስጥ የሚያጋጥመው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ነገር ሲቆጠር ደግሞ ውጤቱ ይወዛወዛል። ሪፖርቱም ይህን አልደበቀም። ከ412 አጠገብ «ከ273 እስከ 551» የሚል ወሰን ታትሟል፤ ከ676 አጠገብም «ከ541 እስከ 810» የሚል አለ። ዘለን ያለፍነው እኛ ነን። እንግዲህ ያ 3 ጭማሪ ያልነው ነገር በሚዛኑ ላይ ያረፈ አቧራ ነበረ፤ እኛ ግን ምክንያት ፈልገንለት አንድ ገጽ ጽፈንበታል።

አፈርንና ወደ ሌላው ጫፍ ሮጥን። «እንግዲያው የኋለኛው ወሰን ላይኛው ጫፍ 551 ከሆነ፣ የፊተኛው ታችኛው ጫፍም 541 ከሆነ፣ ሁለቱ ይነካካሉ፤ ስለዚህ ቅናሽ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው» አልን። ወዳጃችን ራሱን ነቀነቀ። «ይህም ችኮላ ነው፤ ማስላት ያለባችሁ የልዩነቱን ወሰን ነው» አለና የሲጋራ ወረቀት በምታህል ቁራጭ ላይ ሠራው። የአንዱን ወሰን እኩሌታ 139፣ የሌላውን 134 ወሰደ፤ እያንዳንዱን በራሱ አባዛ፤ ደመረ፤ የካሬ ሥሩን አወጣ፤ 193 ሆነ። እንግዲህ ልዩነቱ 264 ሲሆን 193 ሊጨምር፣ 193 ሊጎድል ይችላል፤ ይኸውም ከ71 እስከ 457 ነው። የእናቶች ሞት መቀነሱ እውነት ነው። ምን ያህል እንደ ቀነሰ ግን 264 ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም። ሁለት ገጻችን ተቀደደ፤ በምትኩ አንድ አንቀጽ ጻፍን። ከጻፍነው ሁሉ የማናፍርበት ያ አንቀጽ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «ይህን ያህል ካወቀ ሰውዬው በመጀመሪያ ዲግሪው አበቃለት፤ ማስተርሱ ለምን?» ሊለን ይችላል። እኛም ይህንኑ ጠይቀነው ነበር። የመለሰልን ነገር ነው ሐሳባችንን የለወጠው። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩት ቀመር፣ አለ፣ ምስክሮቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ብሎ የሚነሣ ነው። እነዚያ 15,683 ሴቶች ግን ከአገሩ ሁሉ አንድ በአንድ የተለቀሙ አይደሉም፤ በ645 የቆጠራ ቦታዎች ተሰብስበው የተገኙ ናቸው። የአንድ መንደር ሴቶች የሚሄዱት በአንድ መንገድ፣ የሚደርሱትም ወደ አንድ ጤና ኬላ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ለሁሉም ይሞላል። ስለዚህ ሃያ አምስት ምስክር የሚመስለው አንዳንድ ጊዜ የአሥር ምስክር ያህል ብቻ ይመዝናል። የጥናቱ ባለሙያዎች ይህን አስልተው ነው ወሰኑን ያወጡት። «እኔ ግን እነርሱ ያወጡትን ወሰን ተቀብዬ መደመር መቀነስ እንጂ ወሰኑን ራሴ ላወጣው አልችልም። የመጀመሪያው ዲግሪ ቀመሩን ሰጠኝ፤ ቀመሩ የሚሰበርበትን ቦታ አላሳየኝም» አለን።

እነዚያ 645 ቦታዎችስ ከየት ተመረጡ? ለ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከተዘረዘሩት 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ነው። አገራችን እስከዚያ ድረስ ሦስት ጊዜ ሕዝብ ቆጥራለች፤ በ1976፣ በ1987ና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው ተደጋግሞ ተላልፎ በሰኔ 2011 ዓ.ም. በፓርላማ ውሳኔ እንደገና ተላለፈ። በ1999 ዓ.ም. ገብስ የነበረበት ማሳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ስንት ቦታ አለ! መዝገቡ ባረጀ ቁጥር ከመዝገቡ የሚቀዳው ናሙና ሁሉ አብሮ ያረጃል። ያረጀውን መዝገብ በምን እንደሚያድሱት፣ ክብደቱን እንዴት እንደሚያስተካክሉት ማወቅ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚጠይቅ ሥራ ነው እንጂ የአንድ ከሰዓት ሥልጠና የሚበቃው አይደለም።

ቆጠራው ካለም ነገሩ አያልቅም። የ1999ኙ ውጤት ሲነገር በአማራ ክልል የተቆጠረው ሕዝብ አስቀድሞ ከተገመተው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ በፓርላማ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ቆጠራው ጎደለ ወይስ ግምቱ ተረፈ? ይህን ጥያቄ እልህም እጅ ማውጣትም አይፈታውም። ለመፍትሔው ግን ጥንታዊ ዘዴ አለ። ከጣና መቶ ዓሣ አጥምዶ፣ ምልክት አድርጎ፣ መልሶ የለቀቀ ሰው በማግሥቱ ሌላ መቶ አጥምዶ አምስቱን ባለምልክት ቢያገኝ፣ በአካባቢው ሁለት ሺሕ ያህል ዓሣ አለ ብሎ ሊገምት ይችላል። ከቆጠራ በኋላ በጥቂት ቦታዎች እንደገና ሄዶ ቆጥሮ በፊተኛው መዝገብ ያለውንና የሌለውን ማስተያየት የዚሁ ወንድም ነው። ግን ምልክቱ ከዓሣው ቢወልቅስ? አንድ ጊዜ የተጠመደ ዓሣ ሁለተኛ ብልህ ሆኖ መረብ ቢሸሽስ? ከመጀመሪያው ቆጠራ የተሰወረ ቤተ ሰብ በሁለተኛውም የሚሰወርበት ምክንያት አንድ ቢሆንስ? ሰውን ከዓሣ የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው፤ ማስተርስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ተከራካሪ ይነሣብናል። «ስታቲስቲክሱስ ይሁን፤ ሂሳቡ ራሱ፣ ያ ጥቁር ሰሌዳ ሙሉ ማረጋገጫ፣ ለማን ይጠቅማል?» ይላል። ይህ በደረጃው ላይም ተነሥቶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ልጅነቱን በቆሎ ተማሪነት ያሳለፈ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ያውቃል። ወዳጃችን የዘንድሮን አበቅቴና መጥቅዕ እንዲያወጣ ጠየቀው። እርሱም በቃሉ አወጣው። ለ2018 ዓመተ ምሕረት 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ሲነሣ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30።

«ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ?» አለ ወዳጃችን።

«ሁልጊዜ። ወንበሩ አልቦ ሲሆንም አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ነው።»

«ለምን?»

ዝም አለ። «ሕጉ ነው» አለ ቆይቶ።

ወዳጃችን ፈገግ ብሎ «11ና 19 ሲደመሩ ስንት ነው?» አለው። ሰላሳ! እንግዲህ ሁለቱ ብዜቶች ሲደመሩ ወንበር በሠላሳ የተባዛ ነው፤ ከየብዜቱ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፉት የሚተርፉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ያው የሠላሳ ብዜት መሆናቸው አይቀርም፤ እያንዳንዳቸው ከሠላሳ ስለሚያንሱም ከራሱ ከሠላሳ በቀር ሌላ ሊሆኑ አይችሉም። 11ስ ራሱ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት የዕለት ቁጥር አይደለምን? የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ይህን ሁሉ አይተውት ነው ሥርዓቱን የሠሩት፤ ያልጠየቅነው እኛ ነን። ያ ልጅ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያወጣው የኖረውን ሂሳብ በዚያ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ፊቱን ያያችሁት ብትሆኑ «ለማን ይጠቅማል?» አትሉም ነበር።

ለጥቅምም ከሆነ፣ ጥቅሙ ከየት እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ፈረንሳዊው ሌቤግ በ1902 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ ስለ ርዝመትና ስለ ስፋት መለኪያ ረቂቅ ነገር ያስብ ነበር እንጂ ሕዝብ ስለ መቁጠር አላሰበም። ከ31 ዓመት በኋላ በ1933 ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭ የዕድልን ትምህርት በጽኑ መሠረት ያቆመው በዚያው መለኪያ ነው። ዛሬ «ከ273 እስከ 551» የሚለው ወሰን የሚቆመው በዚያ መሠረት ላይ ነው። ወዳጃችን ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ላይ ለመማር የፈለገው ለዚህ ነው፤ እኛም ደግ አሰበ እንላለን። ማረጋገጫ ብቻ የሚያውቅ ከመንደር አይደርስም፤ ኮምፒዩተሩ የሰጠውን ቁጥር ብቻ የሚገለብጥ ደግሞ እንደ እኛ ስለ 3 አንድ ገጽ ይጽፋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ እርሱም ገንዘብ ነው። በዚህ ላይ ጀግና ለመምሰል አንፈልግም። ወዳጃችን የገበሬ ልጅ ነው፤ የበኩር ልጅ ነው፤ ከእርሱ በታች አራት አሉ። አራት ዓመት ሙሉ ቤቱ የጠበቀው ይህን ሰኔ ነው። ስለ ማስተርሱ ለእናቱ በስልክ ሊያስረዳ ቢሞክር «ልጄ፣ ምን አጥፍተህ ነው የሚያስደግሙህ?» አሉት። ይህን ሲነግረን ሳቅን፤ ከዚያ ማንም አልሳቀም። ለእኚህ እናት ስለ ኮልሞጎሮቭ የሚነግራቸው ማን ነው? ወደ ባንኩ ቢሄድ ከሐዲ ነው የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የእነዚያን አራት ልጆች ደብተር ይግዛ። ባንክም ቢሆን የሚያስብ ሰው ያስፈልገዋል፤ አንነቅፍም። የምንነቅፈው ምርጫውን እንዲህ ያጠበበውን አሠራር ነው። ለመማር የወሰነ ሰው ሁለት ዓመት ምን በልቶ ይማራል? በቀን እየሠራ በማታ ቢማር፣ የስምንት ሰዓት የቢሮ ድካም ተሸክሞ የሌቤግን መለኪያ ለመረዳት የሚቀመጥ ሰው ስንት ነው?

በሌላ ቦታ መንገድ ተፈልጎለታል። በ2003 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከኬፕ ታውን አጠገብ በሙይዘንበርግ የተከፈተው የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋም ከየአገሩ የሚመርጣቸውን ልጆች ምግባቸውንና መኝታቸውን ችሎ ማስተርስ ያስተምራል፤ ከዚያ ወዲህ በሴኔጋል፣ በጋና፣ በካሜሩንና በሩዋንዳም ተከፍቷል። ከእኛም ልጆች የሚያመለክቱ አሉ። መሄዱ መልካም ነው፤ የሄደ ሁሉ ይመለሳል ወይ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። ለአገር ውስጡ ግን ከዚህ ያነሰ ነገር ይበቃ ነበር። የማስተርሱን ተማሪ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሂሳብ ማስጠናት ሥራ ቀጥሮ የሚኖርበትን ያህል መክፈል አይቻልምን? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 896,520 ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3 ነጥብ 3 ማለት ነው። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ሁሉም በየፊናው ፈረደ። በዚያው ጊዜ የፈተናው አሰጣጥም ተለውጦ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተፈትነው ስለ ነበር፣ የትምህርቱን ድክመት ከአሰጣጡ ለውጥ ለይቶ ለመናገር ያው ስታቲስቲክስ ያሻል። የሆነ ሆኖ አስጠኚ የሚፈልግ ተማሪ እንደማይጠፋ የታወቀ ነው። የተራበ አስጠኚም አለ። የሚያገናኛቸው ነው የጠፋው፤ ማኅበራችን ይህን ጉዳይ ለፋኩልቲዎቹ በጽሑፍ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን።

ለመምህራኑም አንድ ቃል አለን። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ሲሰጥ ከውጭ መጽሐፍ የተገኘ ምሳሌ ቁጥሩ ብቻ ተለውጦ ሲደገም እንዳናይ። የጤና ኬላው መዝገብ፣ የገበያው ዋጋ፣ የዝናቡ መጠን በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጧል። ከእኛ ወገን ደግሞ የስታቲስቲክስ ኮርስ ሲሰጠን እንደ ቅጣት እየቆጠርን ያለፈውን ዓመት ፈተና ማፈላለጋችንን ብንተው ለፋኩልቲያችን ክብር ነው። ይህን የምንጽፈው እኛም ስንፈልግ የከረምን ነን።

ባንኩ መልስ የሚጠብቀው እስከ መጪው ዓርብ ነው፤ የማመልከቻውም ቀን ሩቅ አይደለም። ወዳጃችን እስካሁን አልወሰነም፤ እኛም ካሁን በኋላ ካልጠየቀን አንመክረውም። የጠየቅነው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም እሺ ብሏል። ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ከመኝታ ቤታችን በታች ባለው የንባብ ክፍል፣ የሪፖርት ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚነበብ ለአርትስ ተማሪዎች ያሳየናል። የመጀመሪያው ሐሙስ ያ የእናቶች ሪፖርት ነው የሚነበበው። እርሳስና ደብተር ይዛችሁ ኑ፤ ወንበር ስለማይበቃ ቀደም ብላችሁ ኑ። ቀልደኛውም ይመጣል፤ ኤክስን ለመፈለግ ነው የምመጣው ብሏል።